መልስ፦ ዘመናዊው የአይሁድ ፍልስፍና ከማን ይጀምራል?

ከሆላንዳዊው አይሁድ ፈላስፋ ከስፒኖዛ ነው ወይስ ከጀርመናዊው አይሁድ ፈላስፋ ከሜንደልሶን ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ከሜንደልሶን እላለሁ። ስፒኖዛን የአምስተርዳም አይሁድ ማኅበር በ1656 እ.ኤ.አ. አውግዞ አባረረው፤ ተመልሶም አልገባ። ሞሰስ ሜንደልሶን ግን ፍልስፍናውንም ሃይማኖቱንም ይዞ ኖረ። በ1763 በፕሩሲያ አካዳሚ የድርሰት ውድድር ታዋቂውን ጀርመናዊ ፈላስፋ ካንትን ቀድሞ አንደኛ ወጣ፤ የአይሁድን ሕግ ግን አልተወም። በ1783 ባሳተመው «ኢየሩሳሌም» መንግሥትም ሆነ የሃይማኖት ተቋም ሰውን በእምነቱ ሊያስገድድ አይገባም ብሎ ተከራከረ። በሲና የተገለጠው ሕግ እንጂ የእምነት ቀኖና አይደለም ባይ ነው። ይሄ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚያ ጀርመናዊው አይሁድ ፈላስፋ ኸርማን ኮኸን በካንት መንገድ መጣ። ተማሪው ፍራንዝ ሮዘንዝቫይግ ደግሞ በ1918 በባልካን ጦር ግንባር ሆኖ ዋና መጽሐፉን፣ «የቤዛነት ኮከብ»ን፣ በፖስታ ካርድ እየጻፈ ወደ ቤቱ ይልክ ነበር። የመጽሐፉ መነሻ የሞት ፍርሃት ነው። እኔን በጣም የሚነካኝ ሮዘንዝቫይግ ነው። ፈረንሳዊውን አይሁድ ፈላስፋ ሌቪናስን ከሱ ቀጥለህ ብታነበው ይቀልሃል።