የድንኳኑ ሙቀት የት ይውጣ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንትሽ ክሎዜት (የልብስ ማስቀመጫ ክፍል) ውስጥ የቆመች 2 በ2 ጫማ የተክል ማሳደጊያ ድንኳን፣ 100 ዋት ኤልኢዲ መብራት፣ በሶብላ፣ ሚጥሚጣና አንድ እግር ጤና አዳም። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 36 ዲግሪ ያሳያል፣ የበሶብላው ቅጠል ጠርዙ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ የሚጥሚጣው አበባ ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። «ኤልኢዲ አይሞቅም ብለውኝ ነበር፤ በረዶ ላስገባ ወይስ ትንሽ ኤሲ ልግዛ?» ብለሻል። ሁለቱንም ለጊዜው ተይውና ገንዘብሽን ያዢ።

መጀመሪያ «ኤልኢዲ አይሞቅም» የሚለውን እንጨርሰው። ወሬው የመጣው ከድሮዎቹ የሶዲየም መብራቶች ጋር ሲወዳደር ነው። እነዚያ 400፣ 600 ዋት ይበላሉ፣ ቅጠሉንም በጨረራቸው በቀጥታ ይጠብሱታል። ዋት ግን ዋት ነው። ጥሩ የሚባል ኤልኢዲ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን ብርሃን ያደርገዋል። ብርሃኑም ቅጠሉንና ግድግዳውን መትቶ ሲያበቃ መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ተክሉ ለራሱ የሚያስቀረው ትንሽ ነው። ስለዚህ 100 ዋት መብራት ማለት 100 ዋት ማሞቂያ ማለት ነው። ድንኳንሽ ደግሞ ቁመቷ 4 ጫማ ከሆነ ግማሽ ሜትር ኪዩብ አየር እንኳ አትይዝም። ባትሞቅ ነበር የሚገርመው።

አሁን ወደ ዋናው። ድንኳኑ አናት ላይ ያለው ፋንሽ በቱቦ የሚያወጣው አየር የት ነው የሚሄደው? ከፎቶው እንዳየሁት የቱቦው አፍ እዚያው ክሎዜት ውስጥ ነው፣ የክሎዜቱ በር ደግሞ ዝግ ነው። ሙቀት በፋን አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። አንቺ ያደረግሽው ማድ ቤት በር ዘግቶ ጭሱን በሰፌድ እንደማራገብ ነው። ከላይ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ከታች ይገባል፣ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይወጣል።

ትንሽ ስሌት ልስጥሽ፣ አትሰልቺ። በሰዓት 100 ሜትር ኪዩብ አየር በድንኳን ውስጥ ቢያልፍ፣ 100 ዋት መብራት ያን አየር የሚያሞቀው በ3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ባለ 4 ኢንች ፋን ሳጥኑ ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ 200 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ) ይጻፋል፤ በሰዓት 340 ሜትር ኪዩብ መሆኑ ነው። ቱቦው ተጠማዝዞ ግማሹን ቢያስቀርብሽ እንኳ ይተርፍሻል። እንግዲህ ሳሎንሽ 24 ዲግሪ ከሆነ፣ ድንኳኑ 26 ወይም 27 ላይ መቆም ነበረበት። 36 ከሆነ፣ የሚገባው አየር ራሱ 33 አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ፋኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የሚስበው አየር ነው የተበላሸው። ካላመንሽኝ ቴርሞሜትሩን አውጪና ክሎዜቱ ውስጥ፣ ከድንኳኑ ውጭ፣ ወለሉ አጠገብ አስቀምጪው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በሩን ክፈቺው፣ ቱቦውን ከክሎዜቱ አውጥተሽ ወደ ሳሎን አዙሪው። አፉ ከበሩ ራቅ ይበል፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይገባል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ እያንዳንዱ እጥፋት አየር ይበላል። እንደ አኮርዲዮን የተጨማደደውን ትርፍ ቱቦ ቁረጪው እንጂ ጠቅልለሽ አታስቀምጪው። የከሰል ማጣሪያው ከፋኑ ጋር አብሮ መጥቶ ከሆነ ደግሞ አውጪው። እሱ የሚያስፈልገው ሽታ መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። የበሶብላ ሽታ ማንን ይጎዳል? ጎረቤት ሌላ ነገር ከጠረጠረ አንድ ቅጠል ቀጥፈሽ አሽትቺው።

አየሩ በትክክል መሄዱን ለማየት ቀላል ዘዴ አለ። ከሶፍት ቀጭን ቁራጭ ቅደጂና በታችኛው የአየር መግቢያ ፊት ለፊት በሁለት ጣት ያዢው። ወደ ውስጥ ተስቦ መረቡ ላይ ልጥፍ ካለ ጥሩ ነው። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ መግቢያው ተዘግቷል ወይም ፋኑ ደክሟል። የድንኳኑ ሆድ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገባ ማለቱም ጤነኛ ምልክት ነው። ከመጠን በላይ ከተጨመቀ ግን አየር ማስገቢያው ጠቦታል ማለት ነው፤ የድንኳኑን ሌላ መስኮት ክፈቺለት። መግቢያው ከታች፣ መውጫው ከላይ በተቃራኒው በኩል ይሁን።

ዘንግ ላይ የሚቆነጠጠው ትንሹ ፋን ድንኳኑን አያቀዘቅዝም። እንዲያውም የራሱን ጥቂት ዋት ይጨምራል። ግን ከቅጠሉ ሥር የተኛውን ትኩስ አየር ስለሚያንቀሳቅስ ጠቃሚ ነው። ለሚጥሚጣው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የሚጥሚጣ አበባ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ ይይዛል፣ ነገር ግን አበባውን የሚነቀንቅ ነፋስ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ነፋስ የለም። ቅርንጫፉን ጠዋት ጠዋት በጣትሽ መታ መታ አድርጊው።

አበባው የሚረግፍበት ዋና ምክንያት ግን ሙቀቱ ነው። የቃሪያ ዘር በሙሉ ቀን ላይ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ ማታ ከ24 በላይ ሲሆንበት አበባውን መጣል ይጀምራል። በሶብላ ሙቀት ይችላል፤ እስከ 30 ድረስ ደስ ብሎት ያድጋል። ጤና አዳም ቻይ ነው፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ፤ ውኃ ብቻ አታብዢበት።

የምትለኪበት ቦታም ወሳኝ ነው። ቴርሞሜትሩ መብራቱ ሥር ተጋልጦ ከተሰቀለ የሚለካው አየሩን ሳይሆን በብርሃን የጋለ ፕላስቲክን ነው። ቁጥሩ ሳያስፈልግ ያስደነግጥሻል። በቅጠሉ ከፍታ ላይ ስቀይውና ከላዩ ነጭ ወረቀት አጥፈሽ ጥላ አድርጊለት፤ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። ምናልባት 36 ያልሽው 34 ሆኖ ይገኛል። እሱም ብዙ ነው፣ ግን እውነቱን ማወቅ ይሻላል።

መብራቱን ከፍ አድርጊው ብለው የመከሩሽ ሰዎች ግማሽ እውነት ነግረውሻል። ከፍ ማድረግ የላይኛውን ቅጠል ከብርሃን ጫና ያሳርፈዋል፤ ድንኳኑን ግን አያቀዘቅዘውም፣ ዋቱ ያው ነው። የላይኛው ቅጠል ብቻ እየነጣ ከሆነና አየሩ 26 ከሆነ ችግሩ ብርሃን ነው፣ ከፍ አድርጊው። ከላይም ከታችም ጠርዙ ከተጠቀለለ ሙቀት ነው። ዲመር (የብርሃን መቀነሻ) ካለው ወደ 60 በመቶ አውርጂው። ለዚያች ስፋት ይበቃል፣ በሶብላሽም አይከፋውም። ዋቱ ሲቀንስ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከዚያ ታይመሩን ቀይሪ። ዲሲ አካባቢ ሐምሌ ላይ ውጭው በአማካይ ወደ 32 ዲግሪ ይወጣል፣ አፓርትመንቱም ከሰዓት በኋላ በጣም ይከብዳል። መብራቱ በዚያው ሰዓት ለምን ይበራል? በሀበሻ ሰዓት ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 4 አድርጊው። 14 ሰዓት ብርሃን ያገኛሉ፣ ጨለማቸው ቀን ላይ ይውላል። ፋኑን ግን ቀንም አታጥፊው።

በረዶውን በተመለከተ፣ አንድ ኪሎ በረዶ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 100 ዋት መብራት በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያወጣውን ያህል ነው። መብራቱ 14 ሰዓት ከበራ ፍሪጅሽ በረዶ ፋብሪካ ሊሆን ነው። ፍሪጁም የራሱን ሙቀት ከጀርባው ወደዚያው ቤት ይለቃል። ኤሲ ተብላ የምትሸጠው ውኃ የምትሞላው ትንሽ ሳጥን ደግሞ እርጥበት ትጨምራለች። እርጥበት ሲበዛ በሶብላ ከቅጠሉ ሥር ግራጫ ሻጋታ ያወጣል፣ አንዴ ከያዘው መንቀል ነው። እውነተኛው ኤሲም ቢሆን ቱቦው በመስኮት ካልወጣ ቤቱን ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ለድንኳኑ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ሳሎን ከገዛሽው ግን ድንኳኑም ይጠቀማል።

መብራቱ ጀርባ ላይ ያለው ብረት ሳጥን፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ከተነቀለ ከድንኳኑ ውጭ አንጠልጥይው። 100 ዋት ላይ ከ6 እስከ 10 ዋት ያህል ሙቀት የሚያወጣው እሱ ነው። ክሎዜት ስለሆነ ልብስ እንዳይነካው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ከወለል አንስተሽ ግድግዳ ላይ ስቀይው፤ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ውኃ ቢፈስ ተከትሎት እንዳይገባ። አሜሪካን አገር አንድ ባለ 15 አምፔር መስመር ለረጅም ሰዓት የሚሸከመው 1440 ዋት ነው። መብራትሽ አይደርስበትም፣ ግን ማሞቂያ ወይም ኤሲ በዚያው ማከፋፈያ ላይ አትሰኪ።

ክረምት ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ያን ጊዜ መብራቱ የሚሰጠው ሙቀት ይፈለጋል፣ ፋኑ ይቀንሳል። የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው አፈሩን ቶሎ ቶሎ በጣትሽ ዳሺው። በረንዳ ላይ የምትተክይውን ሚጥሚጣ የካቲት መጨረሻ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ዝሪው፤ እዚህ ሰፈር ውርጩ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ አይለቅም።

የረገፈው አበባ አይመለስም፣ ቡቃያው ግን ሌላ ያወጣል። በሩን ከከፈትሽ በኋላ ሁለት ቁጥር ላኪልኝ፦ የሚገባው አየርና በጥላ የተለካው የድንኳኑ ሙቀት። ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ከበለጠ የፋኑን ሞዴልና የቱቦውን ርዝመት ጨምሪልኝ፣ ከዚያ እናያለን።