ጅማ ላይ የኦቲዝም ማዕከል ከመክፈታችሁ በፊት

ጥያቄያችሁ «ስምንት ወላጆች ነን፤ ቀበሌው አንድ ክፍል ሊሰጠን ነው፤ የኦቲዝም ማዕከል ለመክፈት ከምን እንጀምር?» የሚል ነው። ከማዕከል አትጀምሩ። ጥበቃ፣ ጽዳትና ምሳ ገንዘቡን ቀድመው ይበሉትና ልጁን የሚያስተምረው ሰው መጨረሻ ላይ ይታሰባል። አዲስ አበባ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል እንኳ ወረፋው ረጅም ነው። ክፍሉን በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ተጠቀሙበት፤ ቀሪው ሥራ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በቤታችሁ ይሠራ።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ መረጃ ጻፉ፦ ዕድሜ፣ ቤት የሚነገረው ቋንቋ፣ የሚናገራቸው ቃላት፣ እንቅልፍ፣ ሽንት ቤት አጠቃቀም፣ የሚጥል በሽታ መኖር አለመኖሩ፣ ምን እንደሚያስቆጣው፣ ቅርብ ያለው ትምህርት ቤት። መዝገቡ አንድ ሰው እጅ ይቆለፍበት፤ በቴሌግራም አይዙር።

ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት የጆሮ ምርመራ ይደረግ። መስማት የተሳነው ልጅ ኦቲዝም አለበት እየተባለ ዓመታት ሊባክኑ ይችላሉ። ልጁ ሐኪም ፊት ወይ ያለቅሳል ወይ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ስሙ ሲጠራ፣ ሲበላና ብቻውን ሲጫወት የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) የለም፤ ሐኪሙ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ካላዘዘ ለዚያ ገንዘብ አታውጡ። ሪስፔሪዶን የሚባለው መድኃኒት ለከባድ ቁጣና ራስን ለመጉዳት ይታዘዛል፤ አፍ አያስፈታም። የምግብ ፍላጎት ስለሚጨምር ክብደት በየጊዜው ይለካ። ጸበልም ሆነ ሩቅያ የቤተሰብ ምርጫ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒትን ግን በድንገት ማቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ አምጥቶ ሊገድል ይችላል። ይህን ለአያቶችም አስረዱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው።

ትልቁን ትርፍ የምታገኙት ከወላጆች ሥልጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው፤ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። በሆስፒታሉና በጤና ጽሕፈት ቤቱ በኩል በደብዳቤ ጠይቁ። ስብሰባውን ሐሙስ ገበያና ዓርብ ጁምዓ ላይ አታድርጉት፤ ከገጠር የሚመጡት ቡና በሚለቀምበት ወቅትም ይቀራሉ። እናት ልጇን አቅፋ ሥልጠና መከታተል አትችልም፤ ለሁለት ሰዓት ልጆቹን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ቀድመው ይመደቡ። የባጃጅ ሂሳብም በዕቅዱ ይግባ፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ሰው የሚያስቀረው ይኸው ነው።

«ኦሮምኛም አማርኛም ስለሚሰማ ነው የማይናገረው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝምን አያመጣም፣ አያባብስምም። እናት በሚቀናት ቋንቋ ታውራው። የማይናገር ልጅ የሚፈልገውን ነገር ካርድ ሰጥቶ እንዲጠይቅ የስዕል ካርድ አዘጋጁ፤ ከኢንተርኔት የወረደ ስዕል ሳይሆን የራሱ ኩባያ፣ የራሱ ኳስ ፎቶ ይሁን። ስፋቱ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ካርቶን ላይ ተለጥፎ በስኮች የተሸፈነ። በጣም በሚወደው አንድ ነገር ጀምሩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ካርዱን ይቀበላል፣ ሁለተኛው ከኋላ ሆኖ የልጁን እጅ ይመራል። የኋላው ሰው አይናገርም፤ እርዳታውንም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ልጁ ካርዱን እንደሰጠ ዕቃው ወዲያው ይሰጠው። ብዙ ቦታ የሚበላሸው ካርዶቹ ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆነው ሲቀሩ፣ ወይም ቤት ውስጥ ቅጂ ሳይኖር ሲቀር ነው። ሁለት ሁለት አሳትሙ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ የጅማ ዝናብ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ትልቅ ሰውም አያስችለውም፤ ድምፅ የሚከብደው ልጅ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ከአሻንጉሊት በፊት ኮርኒስ! የሚርገበገብ ፍሎረሰንት ይቀየር። ልጆቹ ሳይታሰብ ስለሚሮጡ የበሩ መቀርቀሪያ ከፍ ይበል፣ ጉድጓድና ቦይ ይከደን። ብዙዎቹ ውኃ ይወዳሉ፤ ቤቱ ለአዌቱ ወንዝ ቅርብ ከሆነ ሌላ ክፍል ጠይቁ። በአንድ ጊዜ ስድስት ልጅ ከሦስት ሰው ጋር ይበቃል።

ትምህርት ቤት ስትሄዱ «ልዩ ፍላጎት ክፍል አስገቡልን» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። መምህሩ ስንት ልጅ እንደያዘና ረዳት እንዳለው ጠይቁ። ለረዳት መምህር ደመወዝ የሚሆን የበጀት መደብ እንዲያዝ ለከተማው ትምህርትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች በጽሑፍ አመልክቱ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ 5 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ማመልከቻው በየካቲት ይግባ። ሰኔ ላይ የገባ ጥያቄ «ለከርሞ» ይባላል።

ክፍሉን ስትረከቡ ቀንና ሰዓቱ ተጠቅሶ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በማኅተም ይሰጣችሁ። በቃል የተሰጠ ክፍል ለስብሰባ ሲፈለግ ይወሰዳል፤ ቦታ በድንገት የተቀየረበት ልጅ ደግሞ የለመደውን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።