ሻንጣ ለምታዘጋጁ ልጆች፣ ስለ አንድ ቻይናዊ ጓደኛዬ

ሰላም ልጆች። በዚህ ወር ብቻ ከሰፈራችን ሦስት ልጅ ሸኝተናል። አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ጀርመን ለትምህርት፣ አንዱ ደግሞ ዲሲ አክስቱ ጋ። የመጨረሻው ሽኝት ላይ እናቱ "ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር በለው" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል "በርታ" ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልነግረው የሚገባኝ ነገር ነበር። እሱ ሄዷል፣ እናንተ ግን ገና ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ነውና ለእናንተ ልጻፈው።

እኔ ራሴ ከአገር ወጥቼ አልኖርኩም። ሙያዬ ቅየሳ ነው፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ መንገድና ሐዲድ ስለካ ኖሬያለሁ። ስለ ባይተዋርነት የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከአንድ ቻይናዊ ነው። በ1991 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ሲሠራ እሱ ቀያሽ፣ እኔ ስታፍ ያዥ ነበርኩ። ባለቁጥሩን ዘንግ አቁሜ እይዛለሁ፣ እሱ ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ያነባል። ሁላችንም "ሺፉ" ነበር የምንለው፣ በእነሱ ቋንቋ ሙያ ያስተማረህን ሰው የምትጠራበት ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፣ "አንተ ይሻላል፣ አንተ ቅርብ ነው" አለኝ። ይህን ያለኝ ግን አማርኛ ከለመደ በኋላ ነው።

መጀመሪያማ አማርኛ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከካምፕ አልወጣም። የቆርቆሮ ክፍሎች፣ የቻይና ምግብ አብሳይ፣ ከጀርባ የተዘራ የቻይና ጎመን፣ ማታ ማታ ካርታ ጨዋታ። ከተማውን የሚያየው በመኪና መስኮት ነው። ልጆች "ቻይና! ቻይና!" ሲሉት ፊቱን ያዞራል። በኋላ ስንቀራረብ "እነዚያ ሁለት ዓመታት የት እንደገቡ አላውቅም፣ አገሬም አልነበርኩም፣ አገራችሁም አልነበርኩም" ብሎኛል።

ያወጣው በርበሬ ነው። አገሩ ቾንግቺንግ አካባቢ ነው፣ እዚያ ያለ ቃሪያ ምግብ አይበላም። አንድ ቅዳሜ የካምፑ ቃሪያ አለቀና ሾላ ገበያ ይዤው ሄድኩ። አንዲት እናት ፊት ቆመ። ጣቱን በርበሬው ላይ ነካ አድርጎ ቀመሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች፣ ሌላ ዓይነት አቀመሰችው፣ ሚጥሚጣ ጨመረችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜን ሾላ ሳይሄድ አይውልም። መጀመሪያ የቻላቸው የአማርኛ ቃላት "ስንት ነው"፣ "ቀንሺ" እና "መርቂልኝ" ናቸው። አንድ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ "ቻይና!" ሲሉት "አቤት ልጄ!" ማለት ጀመረ። ስድቡም ጥሪውም ያው አንድ ቃል ነበር፣ የተለወጠው እሱ ነው።

ስለዚህ የምትሄዱበት ከተማ ስትደርሱ በመጀመሪያው ወር ገበያ ውጡ። ሱፐርማርኬት አይደለም የምላችሁ፣ ሰው አፍ ከፍቶ ዋጋ የሚከራከርበትን ቦታ ፈልጉ። የሐበሻ ሰፈር ጥሩ ነው፣ ያጽናናል፣ በችግር ቀን የሚደርስላችሁም እሱ ነው። ግን አጥር ያለው ካምፕ አታድርጉት። ሰው ቤት ተቀጥራችሁ ለመሥራት ወደ ዓረብ አገር ለምትሄዱ እህቶቼ ይህ ምክር እንደማይቀል አውቃለሁ፣ በር ላይ ቁልፍ የያዘ ሌላ ሰው ነው። ለእናንተ ቢያንስ ቋንቋውን በሩ ውስጥ ሆናችሁም ያዙት እላለሁ፣ ከቤቱ ልጆችም ቢሆን፣ ምክንያቱም የቸገራችሁ ቀን ድምፃችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ።

ሺፉ የተወለደው ፌንግጂዬ የምትባል ከተማ ነው፣ ያንግትዜ ወንዝ ዳር። ብዙ መቶ ዓመታት የኖረች ከተማ ነች። ከወደቡ እስከ ከተማው በር የሚያስወጣ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ነበራት፣ ልጅ ሆኖ ውሃ የተሸከመው በዚያ ነው። የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ሲጀመር ውሃው የሚደርስበትን የ175 ሜትር ምልክት ተራራው ላይ ተከሉ። ምልክቱ የቆመው ከእናቱ ቤት ጣሪያ በላይ ነበር። ቀያሽ ስለሆነ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ ግን፣ እዚህ ሆኖ ስለ ቤቱ ሲያስብ፣ ቤቱ ቆሞ ነበር የሚታየው።

መጀመሪያ ለእረፍት የሄደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ትቷት የመጣት ልጁ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። የዚያን ጊዜ የቻይና ሕግ ለከተማ ቤተሰብ ከአንድ ልጅ በላይ አይፈቅድም ነበርና ያለችው እሷ ብቻ ናት። በር ላይ ስታየው "ሹሹ" አለችው። አጎቴ ማለት ነው። ይህን ሲነግረኝ ሌቭሉን እየጠረገ ነበር፣ ደጋግሞ ያንኑ መስታወት ይጠርጋል።

ከዚያ በኋላ ነው እሑድ እሑድ ቴሌ መሰለፍ የጀመረው። የውጭ ጥሪ ውድ ነበር፣ ደቂቃው ይቆጠራል። ድሮ "ደህና ናችሁ? ገንዘቡ ደረሰ?" ብሎ ነበር የሚዘጋው። አሁን ልጁን "ዛሬ ክፍል ውስጥ አጠገብሽ ማን ተቀመጠ? ምሳ ምን በላሽ?" ይላት ጀመር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ቀላል አይደለችም። እናንተም ስትደውሉ "ምን ልላክ?" ብቻ አትበሉ። ሽንኩርት ስንት እንደገባ ጠይቁ። እናታችሁ ታክሲ የምትይዘው የት እንደሆነ ጠይቁ፣ ፌርማታው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የገንዘቡን መድረስ ባንክም ይነግራችኋል።

ሁለተኛ የሄደው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ለእነሱ አዲስ ዓመት ነው። የድሮዋ ከተማ በ2002 በድማሚትና በእጅ ፈርሳለች። ከፍርስራሹ ላይ ሰዎች ብረት ይለቅማሉ። በዚያው በ2003 ሰኔ ውሃው መሙላት ጀመረ። በግድቡ ምክንያት በጠቅላላው ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው የተነሳው፣ አብዛኛው እዚያው ከፍ ወዳለው ቦታ፣ ቀሪው እስከ ሻንጋይና ጓንግዶንግ ድረስ ተበትኗል። እናቱ ተራራው ላይ በተሠራው አዲስ ከተማ ሰባተኛ ፎቅ ደርሷት ነበር። ከድሮው ቤት በእጇ ተሸክማ ያመጣችው አንድ ማሰሮ ነው፣ አትክልት በጨው ውሃ የሚቀመጥበት፣ አፉ ዙሪያውን ውሃ የሚይዝ የሸክላ ማሰሮ። ውሃውን እንኳ አልደፋችውም፣ የዓመታት ጨው ነው።

ሺፉ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናቱ አላለቀሰችም። እንዲህ አለችው ብሎ ነገረኝ፦ "አንተ ዛሬ አየኸው። እኔ እዚህ ነበርኩ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ተሰናብቼዋለሁ። ደግሞ አሁን ውሃው ከቧንቧ ነው የሚመጣው፣ ደረጃ አልወርድም።"

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። የአጎቴ ልጅ ከዲሲ ስትመጣ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈልጋ አጥታ እናቷ ላይ ጮኸች፣ እናቷ ያፈረሰችው ይመስል። ልጆች፣ አገር ቤት የቆየ ሰው የራሱ ሐዘን አለው፣ የራሱ እፎይታም አለው። የጋራ ሽንት ቤት ሰልፍ የቀረላት ሴት እፎይ ብትል አትቆጧት። ጎረቤቷ ሩቅ ተወስዶባት ብታዝንም "ከተማው አምሯል" ብላችሁ አታስተባብሉባት። መጀመሪያ ስሟት።

ከዚያ እረፍት ሲመለስ የ10 ዩዋን ኖት አምጥቶ አሳየኝ። ጀርባው ላይ ሁለት ገደል አለ፣ በመሀሉ ወንዙ ይገባል። "የእኔ ከተማ በር ይህ ነው" አለኝ። ኩዊመን ይባላል፣ ፌንግጂዬ አጠገብ ነው። ኖቱን ለዓመታት ኪሱ ውስጥ ይዞት ኖረ፣ የቀላል ባቡሩን ሐዲድ ኡራኤልና ባምቢስ አካባቢ ስንለካም ነበረው። ሥራ ስንጨርስ ካዛንቺስ አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ እንቀመጥ ነበር፣ ለእሷም አሳይቷታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 አገሩ ገብቶ፣ ጠዋት ወርዶ ኑድል ሊበላ ያንኑ ኖት አወጣ። ባለቤቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በጣቷ አሳየችው። የምትመልሰው ሳንቲም አልነበራትም፣ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ካየች ቆይታለች። ከኋላው የቆመ ወጣት በስልኩ ከፈለለት። ልጁ ያናገረው ታዲያ በአካባቢው ዘዬ አይደለም፣ ለእንግዳ በሚነገረው በትምህርት ቤቱ ቻይንኛ ነው። ቱሪስት መስሎታል። "ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ" አለኝ ሺፉ። እኔ ግን ያከበርኩት ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። አኩርፎ አልተቀመጠም። የዚያኑ ዕለት ልጁን "አስተምሪኝ" አላት፣ ያቺ "ሹሹ" ያለችው ልጅ መክፈያውን ስልኩ ላይ ጭና፣ ጎኑ ቁጭ ብላ አሳየችው። በማግስቱ ተመልሶ ለራሱ ከፈለ።

በሥራችን ቤንችማርክ የሚባል አለ፣ ከፍታው የታወቀ ችካል፣ ሌላው ልኬት ሁሉ ከእሱ ነው የሚነሳው። ሺፉ ጠዋት ጠዋት እሱን ሳያረጋግጥ ሥራ አይጀምርም። ማታ ገልባጭ መኪና ነክቶት ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ሊያነቃንቀው ይችላል። አንድ ቀን ቸኩለን ዘለልነውና የሁለት ቀን ሥራ ፈረሰብን። እንደ እሱ ያለ ሰው ስለ አገሩ ግን ለሃያ ዓመት ያላረጋገጠው ችካል ነበረው። እናንተም ይኖራችኋል። ስለዚህ በዓመት አንዴ እንኳ ቢሆን ያገራችሁን ወሬ እንደ አዲስ ጠይቁ፣ እንደማያውቅ ሰው።

አሁን ጡረታ ወጥቶ ፌንግጂዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ፈጣን ባቡር ገብቶላቸዋል፣ ቪዲዮ ደውሎ ጣቢያውን እየዞረ አሳየኝ። ከዚያ በአማርኛ "ካዛንቺስ እንዴት ነው? ቡናዋ ልጅስ?" አለኝ።

ዝም አልኩ። በእኛው በ2017 ዓ.ም. እኮ ያ ሰፈር ተነስቷል፣ ቤቶቹ የሉም፣ ሰፊ መንገድና የእግረኛ መሄጃ ሆኗል። ልጅቷ የት እንደገባች አላውቅም። ነገርኩት። ትንሽ ቆየና "የድሮውን ፎቶ አትላክልኝ፣ እሱ አለኝ። የዛሬውን አንስተህ ላክ" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አነሳሁ፣ ላክሁለት። አጉልቶ ሲያይ ቆየና "የቆምከው የት ጋ ነው?" አለኝ።

"ጀበናዋ የነበረችበት ጋ" አልኩት።