ኦክስጅን መለኪያው ጅማ ላይ ለምን 17 አለ?

ጥያቄው ከዚሁ ከጅማ ነው። አንድ የክሊኒክ ቴክኒሽያን አዲስ የኦክስጅን መለኪያ ገዝቶ ኮንሰንትሬተሩን (ከአየር ኦክስጅን ለይቶ የሚያወጣውን ማሽን) ቢፈትሽበት 75 በመቶ አሳየው። ጠረጠረና ግቢ ወጥቶ ተራውን አየር ለካ። 17! «የሞተው ማሽኑ ነው መለኪያው? ዚዮላይቱን ላስቀይር?» ይላል። (ዚዮላይት ማሽኑ ውስጥ ናይትሮጅኑን የሚያስቀረው ማጣሪያ ነው።)

ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታቃጥል። ሁለቱም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። ወጥተህ አየሩን መለካትህ ግን ጎሽ ያሰኛል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ነው ማሽን የሚፈታው።

ያንተ ዓይነቱ መለኪያ ውስጡ ያለው ኬሚካል ሴል ነው። ሴሉ መቶኛ አያውቅም፤ የሚሰማው የኦክስጅኑን ከፊል ግፊት ብቻ ነው። ወደ መቶኛ የሚቀየረው ስክሪኑ ጋ ሲደርስ ነው፤ እሱም ከፋብሪካ ሲወጣ በባሕር ወለል ግፊት፣ በ760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተስተካክሎ ነው። ጅማ ግን 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 615 ይወርዳል።

የአንድ ጋዝ ከፊል ግፊት ማለት ጠቅላላው ግፊት በጋዙ ድርሻ ሲባዛ ነው። አየር ውስጥ ኦክስጅን 20.9 በመቶ ስለሆነ፣ ጅማ ላይ 615 × 0.209 = 128.5። መለኪያህ ይህን ለ760 አካፈለውና 17 አለ። ኮንሰንትሬተርህም 93 በመቶ ቢያመርት 615 × 0.93 = 572 ነው። ለ760 አካፍለው፤ 75 ይመጣል። ያየኸው ቁጥር ራሱ! የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛው 82 በመቶ ይሁን ስለሚል፣ በዚህ ንባብ ብትሄድ ጤነኛ ማሽን ትጥል ነበር።

ስታሰላ ግፊቱን ከስልክህ የአየር ሁኔታ ላይ እንዳትወስድ። እዚያ 1,018 ሄክቶፓስካል ምናምን የሚለው ወደ ባሕር ወለል ተቀይሮ የተሰላ ነው። የጅማው እውነተኛ ግፊት 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ ያው 615 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት ነው።

አሁን መለኪያውን ደጅ አውጣና ቁጥሩ ሲረጋ ካሊብሬት አድርገው፤ ማለትም 20.9 እንዲያነብ አስተካክለው። በዚህ ብቻ ግን አትመን። ያረጀ ሴልም አየር ላይ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ካሊብሬሽኑ ይሸፍንለታል። ስለዚህ ከሲሊንደር ንጹሕ ኦክስጅን አሳየው (እጅህ ላይ ቅባት እንዳይኖር!)። 99 ወይም 100 ካለ ጥሩ ነው። 85 ላይ ተቸክሎ ከቀረ ሴሉ አልቋል፣ ቀይረው። ሲሊንደሩ የተሞላው ከፒኤስኤ ፕላንት (እንደ ኮንሰንትሬተሩ ኦክስጅኑን ከአየር በዚዮላይት ከሚለይ ፋብሪካ) ከሆነ ግን የምትጠብቀው 93 አካባቢ ነው፤ ሳትጠይቅ ሴሉን አትኮንን።

ኮንሰንትሬተሩን ስትለካ ደግሞ ኦክስጅኑን ከሚያረጥበው የውሃ ጠርሙስ በፊት ይሁን። በ22 ዲግሪ የውሃ ትነቱ ብቻውን 20 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። (615 − 20) × 0.93 = 553፤ መለኪያውን ጅማ ላይ ስላስተካከልከው አሁን የሚካፈለው ለ615 ነው፤ ስክሪኑ 90 ይልሃል። እርጥበቱ ሴሉንም ይጎዳዋል።

መለኪያውን ይዘህ ጋምቤላ ከወረድክ እዚያው አየር ላይ እንደገና አስተካክለው። በጅማው ልክ ከተውከው ተራውን አየር 24 በመቶ ነው የሚልህ።