ከዝሆኔ እግር ጋር ስለመኖር ለጠየቃችሁኝ

ዝሆኔ ከያዘኝ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ካሉ ታማሚዎች ጋር እየተሰባሰብን አዲስ ለሚመጡት የእግር አያያዝ እናሳያለን። ብዙ ጊዜ የሚነሡትን ጥያቄዎች መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴም ነበረበት። ልጆቼን ይይዛል?

መልስ፦ በእኛ አካባቢ ያለው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ ገበታ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት ምንም አያመጣም። መነሻው እሳተ ገሞራ ከተፋው ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ በሚለው አገራችን በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ፣ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ በኩል ገብቶ የእግርን ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣል፤ እነርሱ ሲዘጉ እግር ያብጣል። በዘር የሚወረደው ለአፈሩ ያለው ተጋላጭነት ነው። ስለዚህ ልጆችዎን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ ያድርጉላቸው።

ጥያቄ፦ የሚያድን መድኃኒት አለ?

መልስ፦ ዋጥ ተደርጎ የሚያጠፋው እንክብል የለም። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ፣ 696 ታማሚዎችን ለ12 ወራት በተከታተለ ጥናት ግን መታጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻንና ጫማን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች፣ ብዙዎቻችን «ምች መታኝ» የምንለው ትኩሳትና ቁርጥማት ካልጀመሩት ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የጤፍ አረም በደረሰበት ሰሞን ለቀናት አልጋ ላይ የዋለ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ በየቀኑ የምታደርጉት ምንድን ነው?

መልስ፦ ማታ ከማሳ ስመለስ እግሬን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጣቶችን መካከልና የቆዳውን እጥፋት ነው፤ ተሐዋስያን የሚገቡት በዚያ በኩል ነውና። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ባሳዩኝ ልክ በረኪና በጠብታ በጨመርሁበት ውኃ እነክራለሁ። (በረኪናውን ሳይበርዝ ያፈሰሰ ጎረቤት ቆዳው ተቃጥሎ ሲሰቃይ አይቻለሁና መጠኑን በግምት አታድርጉት።) አድርቄ ቫዝሊን እቀባለሁ፤ ቆዳ ሲሰነጠቅ በር ይከፈታል። ፋሻ የማሰር ዘዴውን ግን ባለሙያ በእጁ ሳያሳያችሁ አትጀምሩ። ስቀመጥም ስተኛም እግሬን ከፍ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ውኃው ሩቅ ነው።

መልስ፦ አንድ ሳፋ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ምች ሲነሣብኝስ?

መልስ፦ ሥራ ያቁሙ፣ እግርዎን ከፍ አድርገው ይረፉ፣ ውኃ ይጠጡ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያሳርፋል፤ ፋሻውንም እስኪያልፍ ይፍቱት። ትኩሳቱ ካልቀነሰ ወይም ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቁስል ላይ አመድም ሆነ ቅጠል አይነስንሱ።

ጥያቄ፦ ጸበል እጠመቃለሁ። ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። ሲመለሱ እግርዎን በደንብ ያድርቁ፣ የዕለት መታጠቡንም አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ እግሬ ገበያ ላይ ላለው ጫማ አይገባም።

መልስ፦ ጫማ ሰፊ ዘንድ በልክ ያሠሩ። ጠዋት በተለካ ጫማ ሁለት ጊዜ ገንዘቤን አጥፍቻለሁ፤ እብጠቱ ወደ ማታ ስለሚጨምር ልኩን በዚያ ሰዓት ይስጡ።