ፓምፑ በሌሊት ቢጮህስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 7 ወሩ ነው። በተወለደ በ9ኛ ቀኑ አንጀቱ ተጠማዞ አብዛኛው ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ነን። አሁን ምግቡን በደም ሥር፣ በፓምፕ፣ ማታ ማታ ለ12 ሰዓት ቤት እንድሰጠው አሠልጥነውኝ በሚቀጥለው ሳምንት ልንወጣ ነው። ፓምፑን ሳየው እጄ ይንቀጠቀጣል። አየር ቢገባስ? በሌሊት ቢጮህስ? አማቴም ሊረዱኝ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ጠበል ይዘዋል፤ ቅቤም ካልዋጠ ይላሉ። «በቱቦ የበላ ልጅ ሰው ይሆናል ወይ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። 7 ወር ሙሉ ሆስፒታል ወንበር ላይ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከፓምፑ ልጀምር፤ እናቶች ሁሉ የሚፈሩት እሱን ነውና። እኔ ከቤት ቤት እየዞርኩ ይህን ሥራ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ፓምፕ መፍራት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ፓምፕ ለፍላፊ ነው። አየር ካየ ቆሞ ይጮኻል። ቱቦ ከታጠፈ ይጮኻል። ባትሪ ሲደክም፣ የምግቡ ከረጢት ሊያልቅ ሲል፣ ይጮኻል። እኔ የምፈራው የማይጮኸውን ነው። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ቱቦው ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብታይ አትደንግጪ። ቱቦው ላይ ያለችው ክብ ነገር ፊልተር ናት፤ ትንንሹን አየር እሷ ታስቀረዋለች። ትልቅ ከሆነ ፓምፑ ራሱ ያቆማል። አንቺ ደግሞ ስታዘጋጂ ቱቦውን በደንብ ሞልተሽ አየሩን ታስወጪያለሽ። ይህን በሥልጠናው ደጋግመሽ ሠርተሽዋል።

በሌሊት ሲጮህ መጀመሪያ ስክሪኑን አንብቢ። ቀጥለሽ ከከረጢቱ ጀምረሽ እስከ ልጁ ደረት ድረስ ቱቦውን በጣትሽ ተከተይው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ተኝቶበት ነው፤ ወይ ክላምፑ፣ ቱቦውን ቆንጥጦ የሚዘጋው መቆንጠጫ፣ ተዘግቶ ነው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቤት ሄጄ ፓምፑ 40 ደቂቃ ጮኸብኝ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ቱቦ ቀየርኩ፣ ላቤ ጠብ እስኪል ታገልኩ። ለካ ክላምፑን የዘጋሁት እኔው ነበርኩ። ያገኘችው የልጁ የ9 ዓመት እህት ናት። እስከ ዛሬ ስታየኝ ትስቃለች።

ካልተስተካከለልሽ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ። ፓምፑን የሚልክልሽ ድርጅት 24 ሰዓት የሚያነሳ ስልክ አለው። የምልሽ ለምን መሰለሽ? ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ስኳር አለ፤ የልጁ ሰውነትም ለዚያ ተዘጋጅቷል። ድንገት ሲቋረጥ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ካላበው፣ ከገረጣ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም አልነቃ ካለሽ 911 ደውይ። ፓምፑ ወደ መጨረሻው ፍጥነቱን እየቀነሰ የሚሄደውም ለዚሁ ነው። «ትንሽ ነው የቀረው» ብለሽ ቀድመሽ እንዳታጠፊው።

አንድ የኛ ቤት ችግር ደግሞ አለ። ፓምፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። አንቺ «በ8 ሰዓት ይጀምራል» ስትዪ አማትሽ ከሌሊቱ 8 ይመስላቸዋል። ስቄ አላልፈውም፤ በዚህ ምክንያት ስድስት ሰዓት ዘግይቶ የተጀመረ አይቻለሁ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፊ፤ ሁለቱንም ጻፊው። ማታ 2 ሰዓት፣ በፓምፑ 8።

አሁን ወደማይጮኸው። የልጅሽ ላይን፣ ማለት በደረቱ በኩል ደም ሥሩ ውስጥ የገባው ቱቦ፣ ጫፉ ልቡ አጠገብ ነው ያለው። በዚያ በኩል የገባ ጀርም የሚያቆመው የለም፤ በቀጥታ ደም ውስጥ ነው። በሩ ደግሞ ያቺ ሲሪንጅና ቱቦ የሚገጠምባት ጫፍ ናት። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ ጫፏን በአልኮል 15 ሰከንድ ፈትጊ። ጠረግ ማድረግ አይደለም፤ ልክ የተቃጠለ ድስት እንደምትፈትጊው። ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቂ። አትንፊባት፣ በእጅሽ አታራግቢባት። እናቶች ስድስት ወር ሲሞላቸው እጃቸው ይፈጥናል፤ 15ቱ 5 ይሆናል። እኔ የምፈራው የመጀመሪያውን ሳምንት አይደለም፤ ያንን ስድስተኛውን ወር ነው።

ዳይፐር ስትቀይሪ ላይኑ ከልብሱ ሥር ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ሰገራ እንዳይነካው። ሌሊት ብዙ ፈሳሽ ስለሚገባለት ዳይፐሩ ቶሎ ይሞላል፤ ግድ ትነሺያለሽ። ቱቦውን በአንገቱ በኩል ሳይሆን ወደ ታች፣ በፒጃማው እግር አውጪው። አንገቱ ላይ እንዳይጠመጠም ነው።

ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ በአሜሪካኑ ቴርሞሜትር 100.4፣ እየተጫወተም ቢሆን ወዲያው ኢመርጀንሲ። ታይሌኖል ሰጥቶ ማየት የለም። ፓምፑ እንደተጀመረ የሚያንቀጠቅጠው ከሆነም እንደዚያው፤ ያን ጊዜ ለሐኪሞቹ እየደወልሽ ውጪ። በር ላይ ላለችው ነርስ «ሴንትራል ላይን አለው፣ ፊቨር አለው» በያት። እነዚህ ሁለት ቃላት ወረፋ ያስዘልላሉ። ላይኑ ከተቀደደ ደግሞ በቀዳዳውና በልጁ መካከል ቆንጥጠሽ በክላምፕ ዝጊና ሩጪ። ክላምፑ ልጁ በሄደበት ሁሉ ይሂድ፣ ከመኪና ወንበሩ ላይም አይጥፋ።

ከረጢቱን በተመለከተ፣ ፍሪጁ ውስጥ ለብቻው መደርደሪያ ስጪው፤ ከጥሬ ሥጋና ከበርበሬ ጋር አይሁን። ፋርማሲው በነገረሽ ሰዓት ቀድመሽ አውጥተሽ በራሱ ይሙቅ። ማይክሮዌቭም ሙቅ ውሃም ክልክል ነው። ቫይታሚኑን የምትጨምሪው ልትጀምሪ ስትዪ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይበላሻል። ቅባት ያለበት ከረጢት ወተት ይመስላል። ወጥ ላይ ዘይቱ ወጣ ሲል በሰለ እንላለን አይደል? እዚህ ግን ዘይት ከላይ ተንሳፍፎ ካየሽ ከረጢቱ አበቃለት፤ አትስቀዪው፣ ደውይ።

ሥልጠናው በእንግሊዝኛ አልፎሽ ከሆነ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ሆስፒታሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ባልሽን አታድርጊው፤ ባሎች የከበዳቸውን ቃል ይዘላሉ።

አማትሽን አደራ፣ አታባርሪያቸው። ሁለተኛ እጅ ያስፈልግሻል። «ሰው ይሆናል ወይ?» ላሉሽ ይህን ንገሪያቸው። ከናንተ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በምትርቀው ፊላደልፊያ፣ ስታንሊ ዱድሪክ የሚባል ሐኪም መጀመሪያ ቡችሎችን በደም ሥር ብቻ መግቦ አሳደገ። ከዚያ በ1967 አንጀቷ የማይሠራ አንዲት አራስ ልጅ ላይ ሞከሩት። ሕፃኗ ክብደት ጨመረች፣ ቁመት ጨመረች። ያንቺ ልጅ የሚበላው ምግብ ከዚያ የመጣ ነው። ደግሞም የሕፃን አንጀት ከልጁ ጋር ያድጋል፤ የቀረችውም እየለመደች ትሄዳለች። አንዳንዶቹ በጊዜ ከፓምፑ ይላቀቃሉ፤ ሌሎቹ ዓመታት ይቆያሉ። የልጅሽን ዕድል የሚያውቁት ምን ያህል አንጀት እንደቀረና የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያውቁት ሐኪሞቹ ናቸው።

ቅቤው ይቅር። ጭማቂም ይቅር፤ ስኳሩ ውሃ እየሳበ ያስቀምጠዋል። ግን አፉ ሥራ አይፍታ። ለረጅም ጊዜ በአፉ ያልቀመሰ ልጅ በኋላ ማንኪያ ሲያይ ይሸሻል። ምን ያህልና ምን እንደሚቀምስ ሐኪሞቹን ጠይቂና ያንን ማጉረስ የአማትሽ ሥራ ይሁን። አያት ከማጉረስ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ጠበሉን እኔም አምናለሁ። ግንባሩን ይቀቡት፣ እግሩን ያጥቡት። ደረቱን ግን አንዲት ጠብታ አይንካው፤ አይጠጣም።

ቡናውም ይፈላ። ብቻ ከማታው 2 ሰዓት በፊት አይሁን። መጀመሪያ እጅ ታጥበሽ፣ አገናኝተሽ፣ ፓምፑ አረንጓዴውን መብራት ሲያበራልሽ፣ ያኔ ረከቦቱ ይዘርጋ። ዕጣኑ ሌላው ክፍል ይጨስ።