መልስ፦ ኦቲዝም እንዳለብኝ ለአለቃዬና ለእናቴ ልንገራቸው?

እህቴ፣ በ31 ዓመትሽ ሜሪላንድ ውስጥ ተመርምረሽ ኦቲዝም፣ ማለትም አብሮ የሚወለድ የአንጎል አሠራር ልዩነት፣ እንዳለብሽ አወቅሽ፤ አሁን ልንገር አልንገር ብለሽ ተጨንቀሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ እኔም አልፌበታለሁ።

የአለቃሽን ነገር በአጭሩ ልበል። የመንገር ግዴታ የለብሽም። መሥሪያ ቤትሽ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይመለከተዋል። ሥራሽን የሚያቀልልሽ የሥራ ቦታ ማስተካከያ መጠየቅ ትችያለሽ፤ የሕክምና መረጃሽም በሚስጥር መያዝ አለበት። የምትጠይቂው ነገር ከሌለ ግን ባትቸኩይ እመርጣለሁ። እኔ የተናገርኩት ጫጫታው ሥራ ሲያስፈታኝ ነው። የጠየቅኩትም የጆሮ ማዳመጫና ጥግ ላይ ያለ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ባልደረቦቼ እስካሁን አያውቁም።

የእናት ነገር ይለያል። እኛ ቤት ሰው ዓይን ዓይኑን አለማየት ጨዋነት ነው። የሰው ዓይን ማየት የሚከብደኝ በኦቲዝሙ ቢሆንም፣ እናቴ "አንገቷን የደፋች ልጅ" እያለች ስታሞግሰኝ ነው ያደግኩት። ኦቲዝም ሲባል ደግሞ የምታውቀው አፍ ያልፈቱ ሕፃናትን ነው። "አንቺ እኮ ዲግሪ አለሽ!" አለችኝ፤ ቀጥላም ጸበል።

ስለዚህ ቃሉን ትቼ ነገሩን ነገርኳት። "እማዬ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብቼ ቡና እየቆላሁ የምቀረው ትዝ ይልሻል? የሳሎኑ ጫጫታ ጆሮዬን ስለሚያመኝ ነበር።" ብዙ ዝም አለች። "እኔ እኮ ሙያሽ መስሎኝ" አለች፤ እንባዋ መጣ። አሁን ቤቷ እንግዳ ሲበዛ መኝታ ቤቱን ራሷ ትከፍትልኛለች።

አክስቶችሽ የሌሉበት ቀን ምረጪ። ለሌላ ሰው መንገር ያንቺ ውሳኔ እንደሆነም እዚያው ንገሪያት።